ግማሹን የነገርኳት የካሌብ ጋፕ ታሪክ

ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ብርሃን ሌላ በደንብ የማውቀው ከተማ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ካሌብ ጋፕ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ፣ አፓላቺያ በሚባለው ተራራማ አገር፣ በሁለት ተራሮች መካከል የተሸጎጠ፣ አንድ ኮሌጅና አንድ ዋና መንገድ ያለው ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ በወጣትነቱ፣ እኔ ሳልወለድ፣ እዚያ ሁለት ዓመት ተምሮ ተመልሷል። ስለዚህ የሰፈራችን ልጆች የጅብና የጦጣ ተረት እየሰሙ ሲያድጉ እኔ የካሌብ ጋፕን ሰዎች ወሬ እየሰማሁ አደግኩ። ስሙን ስሰማ የአክሱሙ ንጉሥ የካሌብ ከተማ ይመስለኝ ነበር። አባባም አንድ ቀን እንኳ «አይደለም» ብሎ አላረመኝም፤ ፈገግ ብሎ ያልፈኝ ነበር።

ያኔ አባባ በመምህራን ማሠልጠኛው ያስተምር ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ፀሐይዋ ዘወር ካለች አጥንት ድረስ ይገባል። እናቴ ገና ሳይመሽ ምድጃውን ደጅ ላይ ታቀጣጥልና ጭሱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ከሰሉ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ይገባል፤ እሱን ተከትሎ ግን ሁልጊዜ ጥቂት ጭስ አብሮ ይገባ ነበር፤ ዓይን የሚቆጠቁጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ። ፋኖሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አባባ በርኖሱን ተከናንቦ ዱካው ላይ ይቀመጥና፣ እናቴ ለነገ የሚሆን ምስር ስትለቅም፣ ሁለት እጁን ፍሙ ላይ እያሞቀ ቀስ ብሎ ይጀምራል።

ሲያወራ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ሰሚ «እህ» ማለት አለበት። «እህ» የሚል ከጠፋ ዝም ብሎ ፍሙን ማየት ይጀምራል፤ ጨርሷል ማለት ግን አይደለም። ሁለተኛው፣ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ከምድጃው ዙሪያ መነሣት አይቻልም። እንቅልፍ ቢጥለኝ እንኳ ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጎ ቀስቅሶ መጨረሻውን ይነግረኛል። «ግማሹን ይዘሽ ከተኛሽ ነገ ለጓደኞችሽ የምትነግሪያቸው እኔ ያላልኩትን ነው» ይለኝ ነበር።

ካሌብ ጋፕን የቆረቆራት አንድ ሰባኪ ነው። በበቅሎ ተራራውን አቋርጦ መጣና ለተራራው ልጆች ትምህርት ቤት ልሥራ አለ። ሰዎቹ ደሆች ነበሩ፤ የምንሰጥህ ነገር የለንም አሉት። «እንግዲያው እጃችሁን ስጡኝ» አላቸው። አንዱ ግንድ እየጎተተ መጣ፤ አንዱ ድንጋይ ጠረበ፤ ሌላ ነገር ያልነበራት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ለሠራተኞቹ በየቀኑ ባቄላ ትቀቅል ነበር። ኮሌጁ እንዲህ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የገባ ተማሪ ሁሉ፣ የሀብታምም ልጅ ቢሆን፣ በእጁ እየሠራ ነው የሚማረው፤ አንዱ ከብት ያልባል፣ አንዱ ወጥ ቤት ይሠራል፣ አንዱ እንጨት ይልጋል። በኋላ ከተራራው ሆድ የድንጋይ ከሰል ተገኘና ባቡር መጣ። መንገዱ ላይ ሱቅ በሱቅ ሆነ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴልም ተሠራ። ከሰሉ ሲያልቅ ባቡሩ ቀረ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ ጎልማሶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልልቅ ከተሞች ወረዱ። አባባ በደረሰ ጊዜ ሐዲዱ መሐል ፍየል ታስራ ትግጥ ነበር። የቀረው ኮሌጁና ኮሌጁን የሠሩት ሰዎች ልጆች ብቻ ነበሩ።

ሰዎቹ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት ይል ነበር፤ እናም ያኔ እሱም እነሱን እየመሰለ ቀስ ብሎ ይናገራል። ከሥራ ሲመለሱ በረንዳቸው ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ፤ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ ሰላም ይላሉ። ከተራራው ማዶ የመጣ ሁሉ ለእነሱ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ከኢትዮጵያ ይምጣ ከሚቀጥለው አውራጃ ልዩነቱ ብዙም አይታያቸውም። ፎሶሊያ በክር እየሰኩ እንደ ቋንጣ በረንዳ ላይ ይሰቅላሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንዱ ቫዮሊን ያወጣና እኛ አገር ማሲንቆ እንደሚመታው ዓይነት፣ ያው አንዱን ዜማ እየደጋገመ ይጫወታል። በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ወደየቤቱ ሲሄድ ከተማዋ ባዶ ትቀራለች፤ ያኔ ውሾች መሐል አስፋልት ላይ ይተኛሉ፣ መኪና ያለው ሰውም ወርዶ ቀስቅሷቸው ያልፋል።

አባባ የተመደበው መጥረጊያ መሥሪያው ውስጥ ነበር። ይህ ነገር በሰፈራችን ታዋቂ ነው። ጎረቤታችን ባሻ ወልዴ ምድጃው ዘንድ መጥተው በተቀመጡ ቁጥር ያነሡበታል።

«አንተ በቀለ፣ ሰው አሜሪካ ሲሄድ አውሮፕላን መንዳት ይማራል። አንተ ባሕር ተሻግረህ መጥረጊያ ተምረህ መጣህ?»

«እሱንም ቢሆን ደህና ውጤት አላገኘሁም፣ ባሻ» ይላቸዋል አባባ። «ሒሳቡን ነው ያለፍኩት።»

የመጥረጊያ መሥሪያው ኃላፊ ኦርቪል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አያታቸው ለኮሌጁ ግንድ ከጎተቱት አንዱ ናቸው። አባባ በእንግሊዝኛ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው አላውቅም፤ ለእኛ ግን ጋሽ ኦርቪል ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ትምባሆ እያኘኩ፣ አሥር ቃል ሳይናገሩ የሚውሉ፣ የተማሪው መጥረጊያ ጠማማ ሲሆን ምንም ሳይሉ ፈትተው መልሰው የሚሰጡ ሰው ናቸው። የአባባን አንዱን መጥረጊያ ስድስት ጊዜ ፈትተውበታል።

የጋሽ ኦርቪልን ፀጉር ነገር አባባ የነገረኝ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዴት እንደመጣ ልጻፍ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አጠገቤ የምትቀመጥ ወርቄ የምትባል ልጅ ነበረች፤ እናቷ ሸክላ ሠርታ ቅዳሜ ገበያ የምታወጣ። ወርቄ ሒሳብ ጎበዝ ናት፤ እኔ ደግሞ አልነበርኩም፤ ስለዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር። አንድ ቀን ዕረፍት ላይ አንዲት ልጅ ጠራችኝና «እነሱ እኮ ቡዳ ናቸው፤ ምሳሽን እያየችብሽ ነው የምትበዪው?» አለችኝ። ስንገባ ደብተሬንና ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ ኋላ ወንበር ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም። ወርቄ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ እኔ በተነሣሁበት ቦታ ላይ አሳረፈችው፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ እዚያው ነበር። አስተማሪያችን የአባባ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው፤ ሳልደርስ ወሬው ቤት ቀድሞኛል።

እራት በልተን ምድጃው ዘንድ ስንቀመጥ ፍሙ አመድ እየለበሰ ሄደ፣ እናቴም ቆስቁሳ መለሰችው። ከዚያ አባባ ጀመረ። በዚያን ቀን «እህ» እንድለው አልጠበቀኝም።

ኮሌጁ ሲመሠረት ጥቁርም ነጭም አብረው ይማሩበት ነበር አለ። በኋላ የአገሩ ሕግ ከለከለና ጥቁሮቹ ወጡ። አባባ በደረሰ ጊዜ የኮሌጁ በር እንደገና ተከፍቶ ነበር፤ የዋናው መንገድ ሱቆች በር ግን ለጥቁር ገና አልተከፈተም። ይህን ማንም አልነገረውም። ሦስተኛው ወር ላይ ፀጉሩ አደገና ወደ ከተማው ብቸኛ ፀጉር ቆራጭ ሄደ። በሩ ላይ ደወል ተንጠልጥሏል፤ ሲገባ ተንጫረረ። ወንበሩ ላይ ፊቱ ሁሉ አረፋ የሆነ ሰው ተቀምጧል። ፀጉር ቆራጩ ምላጩን እንደያዘ አባባን አየውና «ዘግተናል» አለው።

«መቼ ልመለስ?»

«ዘግተናል።»

አረፋ የተቀባው ሰው በመስታወቱ ውስጥ አባባን አየው፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። አባባ ወጣ፤ ደወሉ እንደገና ተንጫረረ። በመንገዱ ግራና ቀኝ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች፣ ሲገባም ሲወጣም ያዩት ሰዎች፣ እንደ ወትሮው ሰላም አሉት። «ከሁሉም እሱ ነው የጎዳኝ» አለ አባባ። «ሰላምታው።» ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዋናው መንገድ አላለፈም፤ በእርሻው ጀርባ ዞሮ ነበር የሚሄደው። ወደ አገሬ መልሱኝ የሚል ደብዳቤ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ፀጉሩም ጎፈሬ ሆነ።

አንድ ቀን ጋሽ ኦርቪል መጥረጊያ እየጠመጠሙ፣ ቀና ሳይሉ፣ ራስህ ላይ ያለው ምንድን ነው አሉት። ነገራቸው። ሽማግሌው ትምባሆአቸውን ተፉና ሥራቸውን ቀጠሉ። አባባም በቃ ይኸው ነው አለ። ቅዳሜ ዕለት ግን የበቅሏቸውን ጋማ የሚከረክሙበትን መቀስ ይዘው መጡና ዱካ አውጥተው መንገዱ ዳር፣ ልክ ከፀጉር ቆራጩ መስኮት ትይዩ አስቀመጡ።

«ተቀመጥ» አሉት።

«ውስጥ አይሻልም?»

«ውስጥ ብርሃን የለም» አሉ። ብርሃን ግን ነበር።

እንደዚያ ዓይነት ፀጉር በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም። ሲጨርሱ ራሴ ፍየል የገባችበት ማሳ መስሎ ነበር አለ አባባ፤ እናቴ ያኔ ሳቀች፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ ወዲህ በየሦስተኛው ቅዳሜ ዱካው ይወጣል፣ ሰዎቹም በረንዳቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ሌላም ነገር ሆነ። ጋሽ ኦርቪል ራሳቸው ፀጉራቸውን መቆረጥ ተዉ። ፀጉር ቆራጩ የእኅታቸው ልጅ ነበር፤ ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የቆረጠው የእሳቸውን ፀጉር ነው። ሽበታቸው ጆሮአቸውን አልፎ ኮሌታቸው ላይ ወረደ። ባለቤታቸው ተቆጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰው ያፈጥባቸው ጀመር። «ኦርቪል፣ ምን ሆነህ ነው ፀጉርህ?» ሲሏቸው፣ የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ፣ «ዘግቷል ሲሉ ሰማሁ» ይላሉ። አባባ እስኪመረቅ ድረስ ይህንኑ ነው የመለሱት።

ፀጉር ቆራጩ አባባን አንድ ቀንም አላስገባውም። አባባ ተመርቆ ሲሄድ ጋሽ ኦርቪል አውቶቡስ ድረስ ሸኙት፤ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ደርሶ በመጥረጊያ ሲባጎ አስረውት ነበር።

አባባ እዚህ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ። «ካሌብ ጋፕ የትኛው ነው? ፀጉር ቆራጩ ነው ወይስ ጋሽ ኦርቪል?»

«ጋሽ ኦርቪል» አልኩ።

«አይደለም። ሁለቱም ናቸው። በረንዳ ላይ የነበሩትም ናቸው። ከተማ እንደዚያ ነው። አንቺ ዛሬ ማንኛቸው እንደነበርሽ ግን ታውቂያለሽ።»

በማግሥቱ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ወርቄ አላናገረችኝም። ትንሽ ወደ ጠርዙ ፈቀቅ አለችልኝ፣ በቃ። ዓመቱን ሙሉ ሒሳብም አላሳየችኝም። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት አቋረጠች፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ባለቤቴ ተስፋዬ አባባን በአካል አያውቀውም፤ ስንጋባ አባባ አርፏል። ካሌብ ጋፕን ያወቀው ከእኔ አፍ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ መጥተን ቤልትላይን በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ስንኖር፣ ክረምቱ አላልቅ ሲለን፣ አንዱን ከሌላው እያስከተልኩ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ከእኔ የተሻለ አውሪ ሆኖ አረፈው። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ሰው ማስቀመጥና ማዳመጥ ያውቃል። ከብዙ ዓመት ጸሎት በኋላ ማህሌት ስትወለድልን ወሬው ሁሉ የእሱ ሆነ። እኔ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ኦኮቶክስ፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ እሠራ ስለነበር በረዶ በጣለ ቀን እሱ ነው የሚያደርሰኝ፤ ልጃችን ከኋላ ትቀመጣለች፣ እሱ መሪውን ይዞ ያወራል፣ እሷ «እህ» ትላለች። እየቆየ የራሱን መጨመር ጀመረ። ለጋሽ ኦርቪል ውሻ ሰጣቸው።

«ውሻ አልነበራቸውም እኮ» እለዋለሁ።

«አንቺ አልጠየቅሽም ይሆናል እንጂ እንደሱ ያለ ሰውዬ ያለ ውሻ አይኖርም።»

«አባባ አላለም።»

«እሺ፣ የጎረቤት ውሻ ይሁን።»

የፀጉሩን ነገር ግን ለልጅቷ እንዳይነግራት አስጠንቅቄው ነበር። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ናት፤ ቀድሜ ላስፈራት አልፈለግኩም። «እሺ» ብሎኛል። ካደገች በኋላም የሚያነሣው አልመሰለኝም።

ኮርነርስቶን የሚባለው ሰፈር ያለውን ይህን ቤት ገዝተን ከገባን በኋላ ነው ተስፋዬ የታመመው። ማህሌት የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበረች። አንድ ቀን ላፕቶፗን አልጋው ላይ ይዛ ወጣችና «አባዬ፣ ኮሌጁ አሁንም አለ» አለችው። አሁንም አለ፤ አሁንም ተማሪው ሁሉ ይሠራል፤ መጥረጊያም አሁንም ይሠሩበታል። ማመልከቻውን አብረው ሞሉት። ስለ አያቷ የጻፈችውን እያነበበችለት፣ እሱ ትራሱን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበር። «እንግሊዝኛው በዛ፤ ውሻውን አስገቢው» ይላታል። እኔ ከበሩ ሆኜ እሰማለሁ። ኅዳር ላይ ዐረፈ። ያኔ ስለ ኮሌጅ የሚያስብ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ መጋቢት ውስጥ፣ ማህሌት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ኩሽና ውስጥ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ተቀብለዋታል። ፊቷ ላይ ከዚያ ቀን በፊት ለወራት ያላየሁት ነገር ነበር፤ ደስ ሊላት ፈልጋ እኔን እየጠበቀች ነበር። እኔ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ነኝ። ያየሁት ደብዳቤውን አይደለም። ያየሁት ይህን ቤት ነው፣ ሦስት መኝታ ክፍል፣ የእሱ ጫማ በር ላይ እንደቆመ፣ እኔ ብቻዬን። ያን ዓይነት ፍርሃት የፈራሁት በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሬሳው ሲወጣ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «አያትሽ ያየውን ሳታውቂ አትሄጂም።»

የፀጉር ቆራጩን ነገር ነገርኳት። ደወሉን፣ አረፋውን፣ «ዘግተናል» ያለውን፣ ሰላምታውን፣ በእርሻው ጀርባ ዞሮ መሄዱን፣ የጻፈውን ደብዳቤ። በደንብ ነገርኳት፤ አባባ እንደነገረኝ፣ ቀስ ብዬ። ጎፈሬው ላይ ስደርስ አቆምኩ።

ማህሌት ጠበቀች። «ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከዚያማ ተምሮ ተመለሰ። ይኸው ነው ከተማው። አባትሽ ሊነግርሽ አልፈለገም።»

 «ኦኬ፣ ማሚ» አለችና ወደ ክፍሏ ወጣች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ፣ እራት እየበላን፣ «ዲክላይን አደረግኩት፣ አልሄድም» አለች። «እዚሁ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ።» እኔም «እንዳልሽ» አልኳት፣ የእሷ ሐሳብ የነበረ ይመስል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ተስፋዬ ካረፈ ወዲህ ያን ዕለት ነው ሳልነቃ ያደርኩት።

ነሐሴ ላይ በስተ ምዕራብ ያለው ጫካ ተቃጠለና ጭሱ ከተማውን ሸፈነው። በየዓመቱ ይመጣል፤ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ፀሐይዋ በጭሱ ውስጥ እንደ ፍም ቀልታ ያለ ጨረር ተንጠልጥላለች፤ ዓይን ትክ ብሎ ያያታል። የቱንም ያህል ብዘጋ ሽታው ገባ። ባሕር ዛፍ አይደለም፣ ግን የእንጨት ጭስ ነው፤ ጉሮሮዬን ሲቆጠቁጠኝ የአባባ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አገኘሁት ራሴን። በስድሳ ዓመቴ፣ ግማሽ ወሬ ይዤ የምድጃውን ዙሪያ ትቼ የተነሣሁ ልጅ ነበርኩ። ያውም ግማሹን ለራሴ ሳይሆን ለሰው ነው የሰጠሁት፤ ልጄን ለማስቀረት የአባቴን ከተማ ሐሜት አደረግኩት። ባሌንም ደብቆሻል ብዬ አማሁት፤ ደብቅ ያልኩት እኔው ራሴ ሆኜ።

ማህሌት ሺፍቷን ጨርሳ ገባች። በዕረፍቷ የምትሠራበትን የምግብ ሸቀጥ መደብር ሸሚዝ እንደለበሰች፣ ማስኳን አውልቃ እየሳለች ሶፋው ላይ ተዘረጋች። ውኃ አመጣሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«የአያትሽን ወሬ አልጨረስኩልሽም ነበር» አልኳት።

 ጀመርኩ። የበቅሎውን መቀስ፣ መንገዱ ዳር የወጣውን ዱካ፣ «ውስጥ ብርሃን የለም» ያሉትን ነገርኳት።  የጋሽ ኦርቪል ፀጉር አድጎ ሰዎች ሲጠይቋቸው ጋ ስደርስ፣ ማህሌት ጣሪያውን እያየች፣ ቀስ ብላ «ዘግቷል ሲሉ ሰማሁ» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት።

«አባዬ ነግሮኛል» አለች። «ግሬድ ሲክስ እያለሁ። ሪሜምበር፣ ስኩል አልሄድም ያልኩ ጊዜ? ላይክ፣ ልጆቹ ምሳዬ ይሸታል ብለው ቴብሉን ትተውልኝ ሲነሡ? ያኔ ባሱ ላይ ይዞኝ ዞረ፤ ሺፍቱ እስኪያልቅ፣ ከኋላው ወንበር ላይ። ሁሉንም ነገረኝ። ለማሚ አትንገሪ ነበር ያለኝ። ውሻ ሁሉ አለበት የሱ።»

ምሳዋ ይሸታል እንዳሏት አላውቅም ነበር። አባቷ ሆዷን አሟት ነው ብሎኝ ነበር።

«ታዲያ ያኔ መጋቢት ላይ ስነግርሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እንድትጨርሺው ጠብቄ ነበር። እየጠበቅኩ፣ ላይክ፣ አሁን ጋሽ ኦርቪልን ታመጣዋለች እያልኩ። ከዚያ አቆምሽ።» ብርጭቆውን አንሥታ ጠጣች። «አይ ዶንት ኖ፣ ማሚ። በቃ፣ በጣም እንደፈራሽ ገባኝ።»

አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ በወሬ ያስቀረኋት መስሎኝ አምስት ወር ሙሉ ጥፋተኛ ሆኜ ስዞር፣ እሷ ወሬውን ከእኔ በተሻለ እያወቀች፣ ዓይኗን ገልጣ ነበር የቀረችው። የቀረችውም ለእኔ ብላ ነው። ከወንበሯ ያልተነሣችው እሷ ናት።

«ጻፊላቸው» አልኳት። «ለሚመጣው ዓመት። እኔ ምንም አልሆንም።»

«ምናልባት ድጋሚ አይቀበሉኝም።»

«ጻፊላቸው ግን።»

«ኦኬ» አለች፤ ያው የመጋቢቱ «ኦኬ» ነበር። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እንደ ትልቅ ሰው አቀፈችኝ፣ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከአባቷ ሞት በኋላ ፊቷ ያለቀስኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ሰው ፊት እንጂ እሷ ፊት አላለቅስም ብዬ ነበር።

አሁን ጥቅምት ነው፤ የመጀመሪያው በረዶ ጥሏል። ማህሌት ጠዋት ጠዋት ባቡር ይዛ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ጻፈች ወይስ አልጻፈችም አላውቅም። መጠየቅ እችላለሁ። እንዳልጠይቅ የሚያደርገኝ አክብሮት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን እሞክራለሁ፤ ግን «ጽፌያለሁ» የምትለኝን ቀን ፈርቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እሷን ከመጠየቅ ይህን መጻፍ ቀለለኝ፤ ጨርሼ እሰጣታለሁ፣ አማርኛ ማንበብ ስለምትቸገርም ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ።

አባባ ያን ዕለት ያንን ወሬ የነገረኝ፣ ሰው እንድሆን ብሎ ነው። ጥቂት ጊዜ ሆኜ ነበር መሰለኝ። ከወሬው ለእኔ የቀረው ከተማው ነው፤ መንገዱ፣ በረንዳው፣ ፍየሏ፣ ብሄድ ሳልጠይቅ የማገኘው ይመስለኛል። ለተስፋዬና ለልጄ የቀረላቸው ግን ሌላ ነው፣ ከሰው ጎን ሆኖ ምንም ሳይናገሩ መቆየት። አንዱ ያን ችሎታውን ይዞ መቃብር ወረደ፤ ሁለተኛዋ በእኔ ላይ እያዋለችው ነው።

ከላይ ከክፍሏ ወንበሯን ስትጎትት ይሰማኛል፤ እያጠናች ነው። ይህ ድምፅ በዚህ ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ ሊሰማ አይገባውም ነበር። እኔ ግን ገና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀምሬ፣ ሬዲዮውን ዘግቼ፣ እጠብቀዋለሁ።